ጡንቻን እያጠነከሩ መገጣጠሚያን ማፍታታት፦ ሐዋሳ ለሚኖር ጀማሪ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

«ብረት ሰውነት ያደርቃል» የሚለውን አባባል ሳይሰማ በሐዋሳ ጂም የጀመረ ሰው ያለ አይመስለኝም። አባባሉ ያለ ምክንያት አልመጣም። ለዓመታት ብረት ሲገፉ ከኖሩ ሰዎች መካከል ቁጢጥ ማለት የሚቸግራቸው፣ እጃቸውን አዙረው ጀርባቸውን ማከክ የማይችሉ፣ የጫማቸውን ክር ለማሰር እግራቸውን ወንበር ላይ የሚያወጡ አሉ። እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። በትከሻዬ የምሸከመው ብረት በሦስት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ፣ እናቴ ቡና ስታፈላ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሦስተኛውን መጠጣት ግን አቃተኝ፤ ዳሌዬ ይያዛል፣ ተረከዜ ከመሬት ይነሳል። ጥፋቱን ለረጅም ጊዜ በብረቱ ላይ ጣልኩ። እውነቱ ግን የምሠራው ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) የወንበር ከፍታ እንኳ ሳይደርስ የሚመለስ ነበር። ያሠለጠነኝ ሰው ክብደት መጨመርን አሳየኝ፤ ስለ ጥልቀት አንድ ቀንም አልተነጋገርንም።

ሰውነት የሚጠነክረውም የሚፍታታውም ሸክም ባረፈበት የእንቅስቃሴ ስፋት ልክ ነው። መገጣጠሚያው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሄድ ተደርጎ፣ በዝግታና በልክ የተሠራ የጥንካሬ ልምምድ የመተጣጠፍ ችሎታን አይቀንስም፤ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ 11 ጥናቶችንና 452 ተሳታፊዎችን በአንድነት የመረመረ ትንተና የእንቅስቃሴን ስፋት በማሳደግ ረገድ በጥንካሬ ልምምድና በማሳሳብ (ጡንቻን ለጥጦ በመያዝ፣ በጂም ቤት አጠራር ስትሬቺንግ) መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ጊዜው ለጠበበበት ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ሁለት ሥራ በአንድ ሰዓት ይጠናቀቃልና።

ምክንያቱን መረዳት የሚከተሉትን ደረጃዎች በትክክል ለመሥራት ስለሚያግዝ ባጭሩ ላስረዳ። አንድ መገጣጠሚያ እስከ የት እንደሚሄድ ከሚወስኑት ነገሮች መካከል የአጥንቶቹ ቅርጽ፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ርዝመት፣ እንዲሁም እነዚህን ሁሉ እየተከታተለ «ከዚህ አትለፍ» የሚለው የነርቭ ሥርዓት ይገኙበታል። የአጥንትን ቅርጽ በልምምድ መለወጥ አይቻልም፤ ጅማቱንም ማላላት አይገባም፤ ሥራችን ከሁለቱ የመጨረሻዎቹ ጋር ነው። ጡንቻ ተለጥጦ ሳለ ሸክም ሲያርፍበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነርቭ ያንን ቦታ እንደ አደጋ መቁጠሩን እያቆመ ይሄዳል፣ መለጠጡንም መታገስ ይለምዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ዘገምተኛ ቢሆንም በራሱ በጡንቻው ውስጥ የሚከናወን ነው፤ የጡንቻ ክር ከተሠራባቸው እጅግ ጥቃቅን የመኮማተሪያ ክፍሎች አዳዲሶች በተርታ እየተጨመሩ ክሩ ይረዝማል። ይህ በተለይ የሚሆነው ጡንቻው ሸክሙን እየተቆጣጠረ በሚለጠጥበት፣ ማለትም በምናወርድበት ጊዜ ነው። ታቦር ተራራን ወጥቶ የወረደ ሰው የማውረድን ኃይል በራሱ ሰውነት ያውቀዋል፤ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በማግስቱ ጭኑን የሚያመው ግን የወረደበት ነው፤ ቁልቁል ሲሄድ የፊት ጭን ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተለጠጠ ፍሬን ይዟልና።

ሌላም የሚለይ ነገር አለ። አንድ ሰው እግርዎን ይዞ ቢያነሳልዎ የሚደርስበት ከፍታና እርስዎ ራስዎ አንስተው የሚያቆሙበት ከፍታ አንድ አይደሉም። በቀን ተቀን ኑሮ የሚጠቅመን ሁለተኛው ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ስንገባ፣ ከመደርደሪያ ዕቃ ስናወርድ፣ ከስግደት ስንነሳ ማንም እግራችንን አያነሳልንም። ማሳሳብ ብቻ የሚሠራ ሰው በዋናነት የመጀመሪያውን ያሰፋል፤ እስከ ጫፍ የሚሄድ የጥንካሬ ልምምድ ሁለቱንም ያሰፋል። በአማርኛ ጉልበት የሚለው ቃል መገጣጠሚያውንም ብርታቱንም መጥራቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ደረጃ 1፦ ከመጀመርዎ በፊት ይለኩ

ያልተለካ ለውጥ አይታይም፤ ካልታየም ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል። ደብተር፣ ማስመሪያ ወይም የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እና አንድ ግድግዳ ይበቃል። ሰውነት ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ይበልጥ የተያዘ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተፍታታ ስለሚሆን በየጊዜው የሚለኩት በአንድ ዓይነት ሰዓት ይሁን፤ ለምሳሌ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ።

ከቁርጭምጭሚት ይጀምሩ። በባዶ እግር በግድግዳ ፊት ይቁሙና ተረከዝዎ መሬት ሳይለቅ ጉልበትዎን ወደፊት ገፍተው ግድግዳውን ያስነኩ። ከነካ እግርዎን በአንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ እየሳቡ ይድገሙ፤ ተረከዝዎ ሳይነሳ ጉልበትዎ የነካበትን የመጨረሻ ቦታ ሲያገኙ ከአውራ ጣትዎ ጫፍ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ይመዝግቡ። ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መድረስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በብዙ የሚያንስ ከሆነ ቁጢጥ ሲሉ ተረከዝዎ የሚነሳበትን ምክንያት አገኙት ማለት ነው። ሁለቱንም እግሮች ለየብቻ ይለኩ።

ቀጥሎ እግርዎን በትከሻ ስፋት ከፍተው እስከ ታች ቁጢጥ ይበሉና ከጎን ፎቶ እንዲነሱ ያድርጉ፤ ተረከዝ ተነስቷል ወይ፣ ወገብ ጎብጧል ወይ የሚለውን ፎቶው ይነግርዎታል። ከዚያ እግርዎን ዘርግተው መሬት ላይ በመቀመጥ መዳፍዎን ወደ እግር ጣቶችዎ ይስደዱ፤ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀረ ወይም እንዳለፈ ይጻፉ። በመጨረሻ ጀርባዎንና ወገብዎን ከግድግዳ አስጠግተው ይቁሙ፤ ክንድዎን ሳያጥፉ ወደ ላይ ሲያነሱ አውራ ጣትዎ ግድግዳውን ይነካል? ወገብዎ ከግድግዳው ተለይቶ ከሆነ ትከሻው አልደረሰም፤ ወገቡ ነው ያካካሰለት።

ደረጃ 2፦ መጀመር ያለበትና ሐኪም ማየት ያለበት ማን ነው?

የጡንቻ መለጠጥ የሚሰማው በጡንቻው ሆድ ላይ፣ ሰፋ ብሎና ሲለቁት ወዲያው እየጠፋ ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ፣ የሚቆልፍ ወይም የሚያቃጥል ሕመም ከዚህ የተለየ ስለሆነ ችላ አይባልም። መገጣጠሚያው ካበጠ ወይም ከሞቀ፣ ጉልበት ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ እግር ወይም እጅ ከደነዘዘ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት የሚይዝዎ ግትርነት ከአንድ ሰዓት በላይ እየቆየ ከሆነ ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ይህ የመጨረሻው ምልክት በተለይ ትኩረት ይሻል፤ በዕድሜና በመበላት የሚመጣው የመገጣጠሚያ ችግር ብዙውን ጊዜ ጠዋት ላይ ከግማሽ ሰዓት በታች ያዝ አድርጎ ሲለቅ፣ ከሰውነት የመከላከያ ሥርዓት መታወክ የሚነሳው ግን ረዘም ይላል።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች «ከእንግዲህ ማረፍ ነው» ብለው ሲቀመጡ ማየት ያሳዝነኛል። በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡ የሚደርሰው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ ወደ ውስጥ የሚገባውና የሚወጣው መገጣጠሚያው ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። ለጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ችግር ዛሬ በቅድሚያ ከሚታዘዙት ሕክምናዎች አንዱም የተመጠነ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ሐኪም ካያቸው በኋላ ከወንበር ተነስቶ በመቀመጥ ጀምረው ይህንኑ መመሪያ በዝግታ ሊከተሉ ይችላሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ መገጣጠሚያቸው ከመጠን በላይ የሚላላ፣ አውራ ጣታቸውን አጥፈው ክንዳቸውን የሚያስነኩ፣ ክርናቸውና ጉልበታቸው ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ስፋት ሳይሆን ባለው ስፋት ላይ ቁጥጥር ነው፤ የሚከተሉትን እንቅስቃሴዎች ይሥሩ፣ ነገር ግን ከጫፉ ትንሽ ቀድመው ያቁሙ።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

ጂም ለሚሄድ ሰው ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) እና ባርቤል (በሁለት እጅ የሚያዝ ረጅም ብረት) ይበቃዋል። ቤት ለሚሠራ ሰው ጀሪካን ከብዙ መሣሪያ ይሻላል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሸክሙን በአንድ በአንድ ኪሎ መጨመር ይቻላል፤ ብዙ ጂም ቤቶች ውስጥ እንኳ ይህን ያህል ቀጭን ጭማሪ አይገኝም። ባለ 5 እና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የመጥረጊያ እንጨት፣ ዱካ እና ሁለት ብሎኬት ያዘጋጁ።

ደረጃ 4፦ ማሟሟቅ

ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሰውነት እስኪሞቅ ይንቀሳቀሱ። ማለዳ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ፈጠን ብሎ መራመድ ወይም ወደ ጂም በብስክሌት መሄድ ለዚህ ይበቃል። ከዚያ የዕለቱን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ያለ ሸክም 10 ጊዜ ይሥሩ።

ብዙዎች በዚህ ሰዓት እግራቸውን አጥር ላይ ሰቅለው ለረጅም ጊዜ ይሳሳባሉ። አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ለጥጦ ወዲያው ብረት ማንሳት የጡንቻውን ኃይል ለጊዜው ይቀንሰዋል፤ ከዚያ ያጠረ ማሳሳብ ግን ይህ ነው የሚባል ጉዳት የለውም። ረጅሙን ማሳሳብ የሚወዱ ከሆነ ከልምምዱ በኋላ ወይም በሌላ ሰዓት ያድርጉት።

ደረጃ 5፦ እንቅስቃሴዎቹ

የመጀመሪያውና ዋናው ቁጢጥ ነው፤ በጂም ቤት አጠራር ስኳት። 5 ሊትር ውኃ የያዘውን ጀሪካን በሁለት እጅዎ ደረትዎ ላይ ያቅፉ፤ ከፊት የተያዘ ክብደት ሚዛን ስለሚጠብቅ ቀጥ ብሎ ለመውረድ ያግዛል። እግርዎን በትከሻ ስፋት ይክፈቱ፣ ጣቶችዎ ትንሽ ወደ ውጭ ይዩ። በልብዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ይውረዱ፤ ጉልበትዎ የእግር ጣቶችዎ ወደሚያዩበት አቅጣጫ ይሂድ፣ ተረከዝዎ ከመሬት አይለይ። ታች ሲደርሱ ሳይዝሉ፣ ሳይወድቁ፣ ሁለት ሰከንድ ቆዩና ተነሱ። ያቺ የሁለት ሰከንድ ቆይታ የመመሪያው እምብርት ናት፤ ጡንቻው ከሁሉ ይበልጥ ተለጥጦ ሸክም የሚሸከመው በእርስዋ ጊዜ ነውና፣ ሰው ሁሉ ዘሎ የሚያልፋትም እርስዋን ነው።

ብዙ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን እስከ ታች አይወርድም፤ አይጠበቅበትምም። ከኋላዎ ወንበር ያስቀምጡና መቀመጫዎ በቀስታ እስኪነካው ብቻ ይውረዱ። በሦስት ስብስብ (ሳያርፉ ደጋግመው የሚሠሩት አንድ ዙር ስብስብ ይባላል) ያለ ችግር ሲሠሩት ወንበሩን በአነስተኛ ወንበር፣ ቀጥሎም በዱካ ይተኩ፤ መጨረሻ ላይ ዱካውም ይነሳል። ጥልቀቱ በ3 ወይም በ4 ሴንቲ ሜትር ቢጨምር በቂ ነው። ተረከዝዎ የሚነሳ ከሆነ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጣውላ ከተረከዝዎ ሥር ለጊዜው ያኑሩ፤ ቁርጭምጭሚቱ በሌላው እንቅስቃሴ ሲፍታታ ጣውላውን ያነሱታል። ወገብዎ ከታች ሲጎብጥ ካዩ ከመጉበጡ ጥቂት ቀድመው ይቁሙ፤ የዛሬው ጥልቀትዎ እዚያ ነው። በብሽሽት በኩል አጥንት ከአጥንት የተጋጨ የሚመስል መቆንጠጥ ከተሰማዎት ደግሞ እግርዎን ሰፋ፣ ጣቶችዎን ይበልጥ ወደ ውጭ ያድርጉ። የዳሌ አጥንት አቀማመጥ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለጎረቤትዎ የተመቸው አቋቋም ለእርስዎ ላይመች ይችላል፤ በግድ ማለፍ ምንም አያተርፍም።

«ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ የለበትም» የሚል ማስጠንቀቂያ በየጂሙ ይሰማል። ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው እስከ ታች ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ጣቱን ማለፉ ተፈጥሯዊ ነው፤ እንዳያልፍ በግድ ከተያዘ ሸክሙ ወደ ዳሌና ወደ ወገብ ይዞራል። መጠበቅ ያለበት ተረከዙ መሬት መርገጡ ነው።

ሁለተኛው ከዳሌ ጎንበስ ብሎ መነሳት ነው፤ በኋላ ጭንና በቋንጃ በኩል ለተያዘ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም። እናቶቻችን ግቢ በአጭር መጥረጊያ ሲጠርጉ፣ አሮጊቶች ሽንኩርት ሲተክሉ ያስተውሉ፤ ብዙዎቹ የሚታጠፉት ከዳሌ ነው። የተማርነውና ወንበር ላይ ያደግነው ግን ከወገብ እንታጠፋለን። ለማስተካከል የመጥረጊያ እንጨት በጀርባዎ ላይ አቁመው ይያዙ፤ እንጨቱ የራስዎን ኋላ፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል ያለውን ጀርባ እና የመቀመጫ አጥንትዎን ይንካ። ጉልበትዎን በትንሹ ላላ አድርገው መቀመጫዎን ወደ ኋላ እየገፉ ጎንበስ ይበሉ፤ ከሦስቱ ቦታ አንዱ ከእንጨቱ ሲለይ ወገብ መታጠፍ ጀምሯል ማለት ነውና እዚያው ይመለሱ። ይህ ሲለመድ እንጨቱን ትተው ሁለት ጀሪካን በሁለት እጅ ወይም አንድ ባርቤል ይያዙ፣ ከጭንዎ ሳያርቁ በአራት ሰከንድ ያውርዱ፣ ከጭንዎ ጀርባ ጥሩ መለጠጥ ሲሰማዎት ሁለት ሰከንድ ቆይተው ይነሱ። አውርዶ መሬት ማስነካት ግብ አይደለም፤ ለአንዱ ሰው ጉልበት ላይ፣ ለሌላው ባት መሐል ላይ ይቆማል።

ኳስ ለሚጫወቱ ወጣቶች በዚሁ ጡንቻ ላይ አንድ የሚጨመር አለ። ምንጣፍ ላይ ይንበርከኩ፣ ጓደኛዎ ቁርጭምጭሚትዎን አጥብቆ ይያዝልዎ፣ ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ እንዳሉ ሰውነትዎን እየያዙ በተቻለ መጠን በዝግታ ወደፊት ይውደቁና በእጅዎ መሬቱን ይቀበሉ። ይህ እንቅስቃሴ የኋላ ጭን ጡንቻ ክሮችን እንደሚያስረዝም፣ በተጫዋቾች ላይም የዚሁን ጡንቻ ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከባድ ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን፣ በ2 ስብስብ 4 ጊዜ ብቻ ይጀምሩት።

ሦስተኛው ለቁርጭምጭሚት ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግርዎ የፊት ክፍል ቆመው፣ ግድግዳ ይዘው፣ ተረከዝዎን ከደረጃው በታች በዝግታ ያውርዱ፤ ቆይተው በጣትዎ እስኪቆሙ ይነሱ። ጉልበት ቀጥ ብሎም፣ ትንሽ ታጥፎም ይሠራል፤ ሁለቱ የተለያዩ የባት ጡንቻዎችን ይነካሉ።

አራተኛው ተቀምጠው ለሚውሉ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ በስፌት መኪና ላይ የሚውሉ እህቶች፣ ባጃጅ የሚነዱ ወንድሞች፣ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች ዳሌያቸው ለሰዓታት ታጥፎ ይቆያል። ሐዋሳ ሜዳ በመሆንዋ ብስክሌት የሚነዳው ሰውም ብዙ ነው፤ ብስክሌት ለልብና ለሳንባ መልካም ቢሆንም ፔዳሉ የሚዞረው በተወሰነ ክብ ስለሆነ ነጂው ዳሌውን አንድም ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ሳይዘረጋ ይደርሳል። አንድ እግርዎን ወደፊት፣ ሌላውን ረዘም አድርገው ወደ ኋላ ያኑሩ፤ ደረትዎን ቀጥ አድርገው የኋላው ጉልበት መሬት ሊነካ እስኪቃረብ ይውረዱ። የኋላውን እግር መቀመጫ ጡንቻ ጠበቅ ካደረጉት መለጠጡ በዚያው እግር ዳሌ ፊት ለፊት ይሰማል። ሲለመድ የፊተኛውን እግር ብሎኬት ላይ ያውጡት፤ ጥልቀቱ ይጨምራል።

አምስተኛው የትከሻ ነው። ወጣቶቻችን ደረትና ክንድ ይወዳሉ፤ ደረቱንም ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ባርቤሉ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይወርድ ነው። ፑሽ አፕ ሲሠሩ ሁለቱን እጅ በሁለት ብሎኬት ላይ ያድርጉና ደረትዎ ከእጅዎ ዝቅ ብሎ እንዲወርድ ያድርጉ። ከዚያ መሬት ላይ ወይም ቤንች ላይ በጀርባዎ ይተኙ፣ 2 ሊትር የያዘ ጠርሙስ በሁለት እጅ ይዘው ክንድዎን ቀጥ አድርገው ከደረትዎ በላይ ወደ ራስዎ ኋላ በዝግታ ያውርዱ፤ የጎድን አጥንትዎ እንዳይነሳ ሆድዎን ጠበቅ ያድርጉ። የሚንጠለጠሉበት ብረት ካለ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መንጠልጠልም ይጨመር። ትከሻው ከዚህ በፊት ወልቆ የሚያውቅ ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ያለ ባለሙያ አይሥራቸው።

ደረጃ 6፦ ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ሸክም?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች ዋና ዋና ጡንቻዎቻቸውን በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እንዲያጠነክሩ ይመክራል። ለእኛ ዓላማ 2 ወይም 3 ቀን፣ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ያለው ይበቃል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብዙ ሰው ይመቸዋል። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከ2 እስከ 3 ስብስብ፣ በስብስብ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይሥሩ። ሸክሙ ስብስቡን ሲጨርሱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መድገም የሚያስችል አቅም የሚያስቀር ይሁን።

የሚጨመርበት ቅደም ተከተል ላይ አጥብቄ የምለው አለኝ። መጀመሪያ ጥልቀት ይጨመራል፣ ቀጥሎ ብዛት፣ ክብደት የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ክብደት ጨምረው ጥልቀትዎ ካጠረ የጨመሩትን ትተው ወደ ቀድሞው ክብደት ይመለሱ፤ እንደዚያ ያለው ጭማሪ በደብተር ላይ እድገት ይመስላል እንጂ የመገጣጠሚያው እንቅስቃሴ እየጠበበ ነው። በጂም ውስጥ ይህን ማድረግ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። 80 ኪሎ በግማሽ የሚሠራ ጓደኛ አጠገብ ቆሞ 30 ኪሎ እስከ ታች መውረድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሰውም ያያል። እኔ ስመለስ የጀመርኩት ያለ ምንም ብረት ነበር፤ ባዶውን ባርቤል ለመያዝ አምስት ሳምንት ወሰደብኝ።

ጡንቻው እጅግ የገዘፈ ሰው ሥጋው ራሱ መንገድ ሊዘጋበት እንደሚችል መካድ አይገባም፤ የክንድ ሥጋ በጣም ሲወፍር ክርን ሙሉ ለሙሉ አይታጠፍም። ግን እዚያ ለመድረስ ለብዙ ዓመታት ለዚሁ ብሎ መሥራት ይፈልጋል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለጤናው የሚሠራ ሰው ሊሠጋበት የሚገባ ነገር አይደለም።

ደረጃ 7፦ የሚቀጥሉት ሁለት ቀናት

ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ጡንቻ ያማል፣ ይያዛልም። ብዙ ሰው «ይኸው ደረቅሁ» ብሎ የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ መያዝ ጊዜያዊ ነው፤ ያልለመደው ሥራ ያረፈበት ጡንቻ ራሱን ሲጠግን የሚታይ ስሜት ነው። በሰሙነ ሕማማት የሚሰግድ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የሰኞው ስግደት ማክሰኞ ደረጃ መውረድ ያስቸግረዋል፣ ዓርብ ግን ከሰኞው እጅግ በሚበልጥ ብዛት ይሰግዳል። ያው ጡንቻ ያንኑ ሥራ ሲደግም ጉዳቱ እያነሰ ይሄዳል። በሚያምዎት ቀን ተጋድመው አይዋሉ፤ ይራመዱ፣ ያለ ሸክም ቁጢጥ ብለው ይነሱ። በሕመሙ ጊዜ አይለኩ፤ ቁጥሩ ያታልላል።

ሕመሙ ከአምስት ቀን ካለፈ፣ ወይም ሽንትዎ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ግን ይህ ተራ የጡንቻ ድካም አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ደረጃ 8፦ በስድስተኛው ሳምንት እንደገና ይለኩ

ደብተሩን ያውጡ፣ በያዙት ሰዓት፣ በዚያው ግድግዳ አራቱን ልኬቶች ይድገሙ። በቁርጭምጭሚት ላይ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ቁጢጥ ሲሉ ይታወቅዎታል። ምንም ካልተለወጠ ጥፋቱን በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጉ፦ ሲያወርዱ በእርግጥ እስከ አራት ይቆጥራሉ ወይስ ይወድቃሉ? ታች ላይ ይቆያሉ? ሸክሙ ከጥልቀቱ ቀድሟል? ሦስቱም ደህና ሆነው የቀረ ቦታ ካለ በዚያ ቦታ ላይ ብቻ ከልምምድ በኋላ 30 ሰከንድ የሚቆይ ማሳሳብ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይጨምሩ።

አንዱ ጎን ከሌላው ወደ ኋላ ቀርቶ ካገኙት፣ በተለይ ቀድሞ በተወለመ ቁርጭምጭሚት ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ በአንድ እግር የሚሠሩትን እንቅስቃሴዎች ሁልጊዜ ከደካማው ጎን ይጀምሩ፤ ጠንካራው ጎን ደካማው ከሠራው ብዛት አይለፍ። ከሦስት ወር በኋላ የሚፈልጉበት ደርሰው ከሆነ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ያንኑ ክብደት በያዙት ጥልቀት መሥራት ያገኙትን ለማቆየት ይበቃል፤ የግድግዳውን ልኬት ግን በየወሩ መጀመሪያ ይድገሙት፣ ቁጥሩ ሲቀንስ የሚያዩት እዚያ ነው።